ከጤፍ ቅንጣት ስለሚያንሱ መኪናዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር የሳይንስ ክበባችን ስለ መረጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ፥ ስለ ስፖርትና ስለ ሥነ ጽሑፍ መልካም መልካሙን አሰምተውናል። እኔ ደግሞ የምናገረው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ነገር ነው። ትንሽነቱም ለዐይን የማይታይ እስከ መሆን የደረሰ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ይህን ነገር አሁን በኪሳችን ወይም በቦርሳችን ይዘነዋል። ይዘነውም ሳለ ስሙን እንኳ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

በአገራችን አነጋገር የናቅነውን ነገር «ከጤፍ አይቆጠርም» እንላለን። ዛሬ ግን በጤፍ መቁጠር እንድንጀምር እለምናችኋለሁ። አንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። አንዱን ሚሊሜትር ለአንድ ሺህ ብንከፍለው እያንዳንዱ ክፍል ማይክሮሜትር ይባላል። አንዱን ማይክሮሜትር እንደ ገና ለአንድ ሺህ ብንከፍለው ደግሞ ናኖሜትር እናገኛለን። የሰው ጠጕር ውፍረት ከሰው ሰው ቢለያይም 80 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ላይ 12 ያህል የጠጕር ዘለላዎች ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ። ዛሬ የማነሣቸው መኪናዎች የብልታቸው ስፋት በማይክሮሜትር፥ የእንቅስቃሴያቸው ርቀት ደግሞ በናኖሜትር የሚለካ ነው።

«መኪና» ስል በመንገድ የሚሄደውን አውቶሞቢል ማለቴ አይደለም። ወላጆቻችን የልብስ ስፌት መኪና፥ የጽሕፈት መኪና እንደሚሉት፥ የሚንቀሳቀስ ብልት ኖሮት ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ማለቴ ነው። እነዚህም ጥቃቅን መሣሪያዎች ክብደት፥ ሞላ፥ ጥርስና መስተዋት አሏቸው። በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳሉ፥ ወይም እንቅስቃሴያቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣሉ። በእንግሊዝኛ የስማቸው መጀመሪያ ፊደሎች ስለ ተገጣጠሙ በማይክሮሜትር የሚለኩት «ሜምስ»፥ ወደ ናኖሜትር የወረዱት ደግሞ «ኔምስ» ተብለው ይጠራሉ።

አሠራራቸውን ለመረዳት ከታክሲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በታክሲ ስንመጣ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሁላችንም ወደ ፊት እንወረወራለን። ታክሲው ከቆመበት በኀይል ሲነሣ ደግሞ ጀርባችን ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል። ይህም የሆነበት ምክንያት ኒውተን እንዳስተማረን ማናቸውም አካል የያዘውን ሁኔታ ለመለወጥ እምቢተኛ ስለ ሆነ ነው። መስኮቱ ሁሉ ተሸፍኖ ውጭውን ማየት ብንከለከል እንኳ፥ የታክሲው ፍጥነት መለወጡን ሰውነታችን ይነግረናል።

በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በውስጡ ከሲሊኮን የተቀረጸች፥ ስፋቷ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ አንዲት ቀጭን ጠፍጣፋ ክብደት አለች። ተሳፋሪዋ እርስዋ ናት። በቀጫጭን የሲሊኮን ሞላዎች ተንጠልጥላ ትኖራለች። ከሁለቱም ጎኖቿ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ብዙ ጣቶች ወጥተዋል፤ እነዚህም በቋሚው ክፍል ላይ ባሉ ሌሎች ጣቶች መካከል ሳይነካኩ ይገባሉ። ሁለት ማበጠሪያዎችን ጥርስ ለጥርስ አግብቶ ሳያነካኩ እንደ መያዝ ያለ ነው። ስልኩ ሲንቀሳቀስ ተሳፋሪዋ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ሞላዎቹ ይለጠጣሉ፤ የጥርሶቹም ክፍተት በአንድ ወገን ይጠባል፥ በሌላው ወገን ይሰፋል።

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ይገባል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ሁለት ብረቶች ሳይነካኩ ፊት ለፊት ቢቆሙ የኤሌክትሪክ ጭነት ሊያከማቹ ይችላሉ፤ ይህም ካፓሲተር ይባላል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብ የማከማቸት ችሎታቸው ይጨምራል፥ ሲሰፋ ይቀንሳል። እንግዲህ የአንዲት ጥርስ ለውጥ ብቻዋን እጅግ አነስተኛ ናት። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ብዙ ጥርሶች በአንድነት ሲለወጡ በአጠገባቸው ያለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ለውጡን ይለካና ቁጥር አድርጎ ያወጣዋል። ስልኩን ስናጋድመው ሥዕሉ አብሮ የሚዞረው፥ እርምጃችንንም የሚቆጥረው በዚህ መንገድ ነው።

ቁጥሩን ጥቂት እንመልከት። ክብደቲቱ በሞላዎቿ ላይ ሆና በሴኮንድ 5,000 ጊዜ የምትርገበገብ ናት እንበል። የመሬት ስበት ቁጥር 9.8 መሆኑን እናውቃለን። በ11ኛ ክፍል በምንማረው የርግብግብ ሕግ ብናሰላው፥ ስበት ይህችን ክብደት ዝቅ የሚያደርጋት 10 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይህም የሰው ጠጕር ውፍረት 8,000ኛ እጅ ማለት ነው። የስበት አንድ ሺህኛ የሆነ መጠነኛ ነውጥ ቢመጣ ደግሞ እንቅስቃሴዋ ከአንዲት የሲሊኮን አቶም ስፋት እንኳ ያነሰ ይሆናል። ይህ እንዴት ይለካል ትሉ ይሆናል። የሚለካው የአንዲት አቶም መንቀሳቀስ ሳይሆን፥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች ያሉባት ክብደት በጠቅላላ የምታደርገው አማካይ እንቅስቃሴ ስለ ሆነ ነው። ምትሐት የለበትም፤ ሕጉ በደብተራችን ውስጥ የጻፍነው ነው።

በስልክ ውስጥ ያለችው መኪና ይህች ብቻ አይደለችም። መዞርን የሚለካ አለ፤ ድምፃችንን የሚቀበለው ማይክሮፎንም እንደ ከበሮ ቆዳ የምትርገበገብ ቀጭን ሽፋን ያለው ነው። በአንዳንድ ስልኮች ደግሞ የአየር ግፊት መለኪያ ይገኛል፤ ይህም አየር በወጣለት ትንሽ ጉድጓድ ላይ የተወጠረ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ነው። ከቂሊንጦ ተነሥተን እንጦጦ ጫፍ ብንወጣ የአየሩ ግፊት ከአሥር አንድ እጅ ያህል ስለሚቀንስ፥ ሽፋኑ በዚያው መጠን ቀና ይላል። መሣሪያው ይህን ብቻ ሳይሆን ከምድር ቤት ወደ አንደኛ ፎቅ መውጣታችንን እንኳ መለየት ይችላል።

እነዚህ መኪናዎች እንዴት ይሠራሉ? በመዶሻና በሞረድ እንደማይሠሩ ግልጥ ነው። የሚሠሩበት ሲሊኮን ከኦክስጅን ቀጥሎ በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፥ በአሸዋ ውስጥ ሞልቶ አለ። ይህ ንጥረ ነገር እጅግ ከተጣራ በኋላ ይቀልጥና እንደ ትልቅ ግንድ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም እንደ ስስ ቂጣ ይቆረጣል። በቂጣው ላይ የመስተዋት ጠባይ ያለው ንጣፍ ይነጠፋል፤ በላዩም ሌላ የሲሊኮን ንጣፍ ይደረባል። ቀጥሎ ብርሃን ሲነካው ጠባዩን የሚለውጥ ቅባት ይቀባል። የመሣሪያው ንድፍ ባለበት መስተዋት በኩል ብርሃን ሲበራበት፥ የተፈለገው ይቀራል፥ ያልተፈለገው በኬሚካል ተበልቶ ይወገዳል።

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ብልሃት አለበት። በቂሊንጦ በየጊዜው ፎቅ ሲሠራ እንደምናየው፥ ግንበኛው አርማታውን ከማፍሰሱ በፊት በሥሩ የእንጨት ድጋፍ ያቆማል፤ አርማታው ከጠነከረ በኋላ እንጨቱን ነቅሎ ይወስዳል። የጥቃቅን መኪናዎች ሠሪም እንዲሁ ያደርጋል። ከሥር የተነጠፈው መስተዋት መሰል ንጣፍ እንደ እንጨቱ ድጋፍ ነው፤ በመጨረሻ በአሲድ ሟሙቶ ሲወጣ ከላይ ያለው ሲሊኮን ተንጠልጥሎ ይቀራል፥ መንቀሳቀስም ይጀምራል። በአንድ ቂጣ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ የእያንዳንዱ ዋጋ እጅግ ይረክሳል።

ነገር ግን መኪናን እንዲሁ ማሳነስ ብቻውን አይበቃም። ትንሽነት የራሱ ጠባይ አለው። አንድን አካል በቁመቱም፥ በወርዱም፥ በውፍረቱም አሥር ጊዜ ብናሳንሰው፥ የገጹ ስፋት መቶ ጊዜ፥ ክብደቱ ግን ሺህ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ክብደት እየተናቀ፥ በገጽ ላይ የሚሠራ ኀይል እየበረታ ይሄዳል። ጉንዳን ከራስዋ ክብደት የሚበልጥ ፍሬ ተሸክማ ስትሄድ የምናየው ከዝሆን ይልቅ ብርቱ ሆና ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ሁለት መስተዋቶች በመካከላቸው ውሃ ቢገባ ተጣብቀው እንደሚያስቸግሩ፥ በእነዚህ መኪናዎች ጥርሶች መካከል ትንሽ እርጥበት ቢቀር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የሞላዎቹም ኀይል ሊያላቅቃቸው አይችልም። አቧራም እንዲሁ ነው። የጥርሶቹ ክፍተት 2 ማይክሮሜትር ያህል በሚሆንበት ስፍራ፥ በበጋ ወራት በቂሊንጦ መንገድ ላይ ከሚነሣው አቧራ አንዲት ብናኝ ብትገባ በር ላይ እንደ ወደቀ ቋጥኝ ትሆናለች። ስለዚህ የሚሠሩት አየሩ ተጣርቶ በሚገባበት፥ ሠራተኛውም ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ በሚሠራበት ክፍል ነው።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ የረጅም ዘመን አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ቻርልስ ስሚዝ የተባለው ሊቅ ሲሊኮንና ጀርማኒየም ሲጨመቁ ወይም ሲለጠጡ ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታቸው በብዙ እንደሚለወጥ አስታወቀ። በታኅሣሥ ወር 1959 ደግሞ ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የአሜሪካ የፊዚክስ ሊቅ በካሊፎርኒያ ባደረገው ንግግር፥ ሰው ወደ ትንሹ ዓለም ቢወርድ ገና ያልተነካ ሰፊ ቦታ እንደሚያገኝ ገለጠ። እያንዳንዱ ጎኑ ከኢንች 64ኛ እጅ የማይበልጥ፥ ማለት 0.4 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሚሠራ ሰው 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ፋይንማን ያሰበው ሽልማቱ አዲስ ጥበብ ይወልዳል ብሎ ነበር። ዳሩ ግን በማግሥቱ ዓመት ዊልያም ማክሌላን የሚባል መሐንዲስ በማይክሮስኮፕና በወረንጦ፥ በትዕግሥት ብቻ፥ ሞተሩን ሠርቶ አመጣና ሽልማቱን ተቀበለ።

አዲሱ ጥበብ የመጣው ትራንዚስተር በሚሠሩት ሰዎች በኩል ነው። በ1960ዎቹ ሃርቪ ናታንሰንና ባልደረቦቹ በትራንዚስተር ላይ የሚርገበገብ ትንሽ ዘንግ ሠሩ። በ1982 ከርት ፒተርሰን ሲሊኮን ለኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን ለሞላና ለዘንግም የሚሆን ብርቱ ቁስ መሆኑን የሚያስረዳ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከጠጕር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ የኤሌክትሪክ ሞተር ዞረ። በ1990ዎቹም መጀመሪያ ላይ መለኪያዎቹ በአውቶሞቢል ውስጥ ገቡ፤ መኪናው በተጋጨ ጊዜ ግጭቱን አውቀው ተሳፋሪውን የሚያድነው የአየር ከረጢት እንዲነፋ ትእዛዝ የሚሰጡ እነርሱ ናቸው። በስብሰባ አዳራሽ ሥዕል በግድግዳ ላይ ከሚያበሩት መሣሪያዎች በብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዷ የሥዕል ነጥብ አንድ የሚያዘነብል ጥቃቅን መስተዋት አለ። ከ2007 ወዲህ ስልኮችም ተከተሉ፤ እስከ እኛ ኪስም ደረሱ።

እስካሁን የተናገርሁት የሩቅ አገር ነገር መስሏችሁ ይሆናል። አሁን ግን እኛን ራሳችንን ወደ ነካው ጉዳይ ልመለስ።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር የጀመረው የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ከማናችንም ልብ አልወጣም። መስከረም 26 ቀን በምሽት አዲስ አበባ ተነቃነቀች፤ በፎቅ ላይ የነበረ ሰው የመብራቱን መወዛወዝ አየ። ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት ከዚያ የበረታ፥ የካቲት 7 ቀንም መጠኑ እስከ 6 የደረሰ መጣ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ለቀው ተሰደዱ። በዚያ ሰሞን ነገ በዚህ ሰዓት ይመጣል የሚል ወሬም በከተማው ተናፍሶ ነበር።

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ዳር ነው። በ1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በደሴ መንገድ በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው ነውጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ያን ጊዜ ነውጡን የመዘገበው ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 እና 58፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያ ነበር። ጣቢያውን የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በኋላ በ1979 የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ጣቢያው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ልብ በሉ፤ በጣቢያው ያለው ትልቅ መለኪያና በኪሳችን ያለችው ቅንጣት እንደ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። ሁለቱም በሞላ የተንጠለጠለ ክብደት ናቸው፤ ምድር ስትንቀሳቀስ ሁለቱም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ልዩነታቸው ይህ ነው። አያትየው እጅግ ጥቂቱን ንዝረት፥ በሌላው የዓለም ክፍል የተነሣውን እንኳ ይሰማል፤ ነገር ግን ዋጋው ብዙ፥ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የልጅ ልጁ ጆሮው ደካማ ነው፤ ብርቱ ነውጥ ካልሆነ አይሰማም፥ የባለቤቱም እርምጃ ይረብሸዋል። ብዛቱ ግን እንደ ሰማይ ኮከብ ነው።

ይህን የተመለከቱ ሊቃውንት ብዛቱን ለመጠቀም አሰቡ። በ2016 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ማይሼክ» የተባለ የስልክ ፕሮግራም አወጡ፤ በ2020 ደግሞ ጉግል የተባለው ኩባንያ በራሱ ሥርዓት በሚሠሩ ስልኮች ይህንኑ ጀመረ። አንድ ስልክ ብቻውን ቢነቃነቅ ከጠረጴዛ ወድቆ ይሆናል። በአንድ አካባቢ ያሉ ብዙ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ቢነቃነቁ ግን ምድር መንቀሳቀስዋ ይታወቃል። ጊዜውንም እናስላ። ከፈንታሌ እስከ ቂሊንጦ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀላል ሞገድ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ በ20 ሴኮንድ ይደርሳል፤ የሚያናውጠው ሁለተኛው ሞገድ ግን በሴኮንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ 34 ሴኮንድ ይፈጅበታል። የኤሌክትሪክ ምልክት በንፋስ ስልክ ዓይነት በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ከሁለቱም ይቀድማል። እንግዲህ በፈንታሌ ያሉ መለኪያዎች ነውጡን ወዲያው አውቀው መልእክት ቢልኩ፥ በቂሊንጦ ያለ ተማሪ ጥቂት ሴኮንዶች ያገኛል። እነዚያም ሴኮንዶች ከመስኮት ለመራቅ፥ ከጠረጴዛ ሥር ለመግባት፥ የሚነድ ምድጃ ለማጥፋት ይበቃሉ።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። አንደኛ፥ መሣሪያው የሚያስጠነቅቀው ነውጡ ከተጀመረ በኋላ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ ትልቅም ሆነ ትንሽ በዓለም ላይ የለም፤ አውቃለሁ የሚል ሰው ወሬ ይነዛል እንጂ ሳይንስ አልያዘም። ሁለተኛ፥ ማስጠንቀቂያ ቤትን አያቆምም። ብረቱ ከጎደለ፥ ሲሚንቶው ከሳሳ፥ መሠረቱም በጥቁር አፈር ላይ እንዲሁ ከተጣለ፥ ምንም ያህል ብልህ የሆነ የሲሊኮን ቅንጣት ግድግዳውን ሊደግፍ አይችልም። ስለዚህ ወላጆቻችን ቤት ስትሠሩ፥ ለግንበኛው የምትከፍሉትን ከመቀነሳችሁ በፊት ይህን እንድታስቡ በትሕትና እለምናለሁ።

ከማይክሮሜትር ወደ ናኖሜትር የወረዱት መኪናዎች ደግሞ ሌላ ተስፋ ይዘው መጥተዋል። የክራር ጅማት ቀጭን ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል፤ በላዩ ጥቂት ሰም ብንለጥፍበት ድምፁ ይወፍራል። በድምፁ መለወጥ የሰሙን ክብደት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። ሊቃውንት ይህን ዘዴ ይዘው ከካርቦን በተሠራ፥ ውፍረቱ በናኖሜትር በሚለካ ቱቦ ላይ ሞከሩት። በ2012 በባርሴሎና የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ጅማት የአንድ ፕሮቶን ክብደት የሚያህል ልዩነት እስከ መለየት ደረሱ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ያሉ ሌሎች ሰዎች ነጠላ የፕሮቲን ሞለኪውሎችን መዘኑ። ወደ ፊት በጠብታ ደም ውስጥ ያለን የበሽታ ምልክት ቅንጣት በቅንጣት መዝኖ ማወቅ እንዲቻል ተስፋ ይደረጋል። ይህ ገና በቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ሥራ ነው፤ ወደ ሐኪም ጠረጴዛ ለመድረስ ብዙ ድካም ይቀረዋል።

ውድ ጓደኞቼ፥

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እኛ የቂሊንጦ ተማሪዎች እነዚህን መኪናዎች ተሸክመን ብቻ እንቀራለን? ወይስ እናውቃቸዋለን? የቂሊንጦ ስም በከተማው ዘንድ ሲጠራ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ በእኛ ሰፈር ነው፤ ከምርምር ማዕከሎቹም አንዱ ለናኖቴክኖሎጂ የተመደበ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተሰናዳው የኢንዱስትሪ ፓርክም ጎረቤታችን ነው፤ መድኃኒትም በንጹሕ ክፍል፥ በትክክለኛ ሚዛን የሚሠራ ነገር ነው። ዕውቀት ከእኛ ርቃ ሄዳለች ማለት አንችልም፤ በእግር ተሄዶ ይደረስባታል።

ገንዘብ የለንም፥ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለማቆም አንችልም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ፋብሪካው ብዙ ገንዘብ፥ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና እጅግ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ንድፍ ማውጣትና ፋብሪካ ማቆም አንድ አይደሉም። በ1990ዎቹ የተጀመረ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ንድፎች በአንድ የሲሊኮን ቂጣ ላይ ቦታ ተካፍለው በአንድ ፋብሪካ እንዲሠሩና ወጪውን በጋራ እንዲከፍሉ ማድረግ ነው። እንደ ዕቁብ ያለ ሥርዓት ነው። ንድፉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር፥ ሒሳብ፥ ፊዚክስና ትዕግሥት ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ እዚህ ትምህርት ቤት ይገኛሉ፤ ትዕግሥትን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ያመጣታል።

እስከዚያው ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ልናደርገው የምንችል ነገር አለ። መለካትን እንማር። በጀርመን አገር የአኸን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁት «ፊፎክስ» የሚባል ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም በስልክ ላይ ሲጫን፥ ከላይ የተናገርሁላችሁ ክብደት የምታወጣውን ቁጥር በግልጥ ያሳየናል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው 9.8 ገደማ ይጽፋል። ከጥቂት ከፍታ ወፍራም ትራስ ላይ ብንጥለው፥ በመውደቁ ጊዜ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ተሳፋሪዋና ታክሲው አብረው ስለሚወድቁ ሞላዎቹን የሚለጥጥ ነገር የለምና። በገመድ አንጠልጥለን እንደ ዥዋዥዌ ብናወዛውዘው፥ ከመወዛወዙ ጊዜና ከገመዱ ርዝመት የመሬትን ስበት ራሳችን ልናሰላ እንችላለን። ሦስት ተማሪዎች በሦስት ስልክ ለክተው ቁጥራቸው ቢለያይ፥ ማን ተሳሳተ ብሎ መጣላት ሳይሆን ለምን ተለያየ ብሎ መመርመር ይገባል። እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ክቡራን መምህራን፥ ልኬቶቹ በደብተር እንዲመዘገቡ ብትፈቅዱልን፥ በሚመጣው ዓመት ከተመለከትነው የሚበልጥ ነገር እንደምናሳያችሁ ተስፋ አለኝ። ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ስልክ ይዛ ስታጎነብስ በምታዩበት ጊዜ ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን እየለካሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። መልስ ካላት ተውዋት፤ መልስ ከሌላት ስልኩን ተቀበሏት።

ማክሌላን ሞተሩን በወረንጦ ሲሠራ ፋብሪካ አልነበረውም። የነበረው ጥሩ ዐይን፥ የማይንቀጠቀጥ እጅና የማይሰለች ልብ ነው። አባ ጉዌንም የአገራችንን ነውጥ ታሪክ ሲሰበስቡ የነበራቸው ጥቂት መሣሪያና ብዙ ትጋት ነው። እኛም ከጤፍ ቅንጣት የምታንሰውን መኪና በትጋት ብንመረምራት፥ አንድ ቀን ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ የነደፈቻት ቅንጣት በሌሎች ሰዎች ኪስ ውስጥ ትገኝ ይሆናል። በፈንታሌ ሥር ለሚኖረው አርብቶ አደር፥ በማጀቴ ለሚኖረው ገበሬ፥ በቂሊንጦም ለምንኖረው ለእኛ የምታስጠነቅቅ ትሆን ይሆናል።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።